በመዝገብ አለን፣ በሕግ የለንም
(ከእሑድ ጸሎት በኋላ ለእህቶች የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ በር ተቆልፎባቸው ዛሬ እዚህ ሊገኙ ያልቻሉትን አምላክ በያሉበት ያስባቸው።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ሴቶችና ልማት» የሚል ነው። ልማት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የቀበሌ ስብሰባ፣ የመንገድ ቁፋሮ፣ በነጭ መኪና የሚመጡ እንግዶች ናቸው። እኔ ግን ከመታወቂያ ልጀምር። አገር ቤት እናቶቻችን የቀበሌ መታወቂያ ሲያወጡ «ሥራ» ከሚለው ፊት ለፊት ጸሐፊው «የቤት እመቤት» ብሎ ይጽፋል። ከቸኮለም ሰረዝ አድርጎ ያልፈዋል። ያቺ ሴት ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥታ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ሊጥ አቡክታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ላም አልባ፣ ሕፃን አዝላ ጓሮ ኮትኩታ ነው እዚያ ወረፋ ላይ የቆመችው። ወደ ቤት ስትመለስም እስክትተኛ አታርፍም። በወረቀቱ ላይ ግን ሥራ የላትም።

ጸሐፊው ክፉ ሰው ሆኖ አይመስለኝም። የትኛው ድካም «ሥራ» እንደሚባል፣ የትኛው እንደማይባል ከእሱ በፊት ወስነው፣ በመጽሐፍ አትመው ለዓለም ያደሉ ሰዎች ነበሩ። ስማቸውም ዓመቱም ይታወቃል። ታሪኩን ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ፣ አለበለዚያ እንዳትደናገሩ።

ፒጉ የሚባል እንግሊዛዊ የኢኮኖሚ ምሁር ነበር። በ1920 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር አነሣ። እስቲ በእኛ አነጋገር ላስቀምጠው። አንድ ላጤ የቤት ሠራተኛ ቀጥሯል እንበል። የእሷ ደመወዝ ከአገሪቱ ገቢ ጋር ይደመራል። ሰውየው ወደዳትና አገባት። ምግቡን ያው እሷ ታበስላለች፤ ምድጃው ያው፣ ድስቱ ያው። ደመወዙ ግን ቀረ። ስለዚህ የአገሪቱ ገቢ በዚያው ልክ ቀነሰ! ፒጉ ይህ ሒሳብ ግራ እንደሆነ ገብቶታል፤ ገብቶትም አለፈው። ከዚያ ወዲህ የኢኮኖሚ ተማሪዎች ሲስቁበት ኖረዋል። እኔ መጀመሪያ ሳነበው አልሳቅሁም፤ በቀልዱ ውስጥ ድስት ይዛ የቆመችው እኛን ትመስላለችና።

ቀልዱ ወደ ደንብ የተለወጠው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። እንግሊዝ ከሂትለር ጋር ስትዋጋ፣ ለጦርነቱ የሚሆን ምን ያህል ሀብት እንዳላት ማወቅ ፈለገች። ጄምስ ሚድና ሪቻርድ ስቶን የተባሉ ሁለት ሰዎች የአገሪቱን ገቢና ወጪ እንደ አንድ ትልቅ የሱቅ መዝገብ አድርገው ሠሩት። ዘዴያቸው የሚገዛና የሚሸጠውን መቁጠር ነው። ይኸው ዘዴ በቅኝ ግዛቶችም ይሠራ እንደሆነ ለመሞከር በ1941 አንዲት የ23 ዓመት ወጣት ተቀጠረች። ስሟ ፊሊስ ዲን ይባላል። የተሰጧት አገሮች ዛሬ ዛምቢያና ማላዊ የምንላቸው ናቸው።

ይህቺን ልጅ እወዳታለሁ። መጀመሪያ ለንደን ተቀምጣ በመንግሥት ወረቀት ስትሠራ ቆየች፤ ኋላ ግን ራሷ አፍሪካ ወርዳ መንደሮቹን አየች። ያየችውም እኛ የምናውቀውን ነው። ሴቶች እንጨት ይሸከማሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ ጠላ ይጠምቃሉ፣ እህል ይወቅጣሉ፣ ያበስላሉ። ይህን ሁሉ ከሒሳብ ካስወጣሁት ስለዚህ መንደር ኑሮ የጻፍኩት ምኑ እውነት ይሆናል? አለች። የሴቶቹን ድካም መተው ከራሱ ከሒሳቡ ሕግ ጋር የሚጋጭ መሆኑን በጽሑፏ ተከራከረች። ከእንጦጦ ቅጠልና እንጨት ተሸክመው ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱትን እናቶች አስቧቸው። ሸክሙን ሽሮ ሜዳ ቢሸጡት ገቢ ነው። ያንኑ ሸክም ወደ ራሳቸው ምድጃ ቢያስገቡት ምንም ነው። ወገባቸው የሚያውቀው ልዩነት የለም።

የሰማት አልነበረም። በ1953 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአገሮች ሁሉ ሒሳብ የሚያዝበትን ደንብ በመጽሐፍ አወጣ። ሥራውን የመራው ሪቻርድ ስቶን ነበር፤ በኋላ በ1984 የኖቤል ሽልማት የተሸለመበት ነው። በዚያ ደንብ አንዲት ሴት ለራሷ ቤተሰብ የምታበስለው፣ የምታጥበው፣ የምታስታምመው ከአገር ምርት ውጭ ሆነ።

ምክንያታቸው ዋጋ የሌለውን ነገር መገመት ያስቸግራል የሚል ነበር። እውነት ነው፣ ያስቸግራል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያው መጽሐፍ፣ በራሱ ቤት የሚኖር ሰው ለማንም ኪራይ ባይከፍልም፣ ለራሱ ኪራይ እንደከፈለ ተደርጎ ይገመትና ከአገር ገቢ ጋር ይደመራል። ገበሬው ሳይሸጥ የሚበላው እህልም ይገመታል። ማንም ያልከፈለውን ኪራይ መገመት የቻለ እጅ፣ ሌሊት የተነቃለትን ሕፃን መገመት አቃተው። እኔ ይህን ያለ ክፋት የተሠራ ነገር ነው ብሎ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር አልጣላውም። ግን ገማቾቹ ማታ ቤት ሲገቡ እራት ቀርቦ ይጠብቃቸው ነበር፤ የቀረበ ራት ደግሞ ከየት እንደመጣ አያስጠይቅም።

«ታዲያ በመጽሐፍ ብንቆጠር ባንቆጠር ምን ይቀርብናል?» ትሉኝ ይሆናል። ድሃ አገር ብድር ሲጠይቅ፣ እርዳታ ሲሰጠው፣ የአምስት ዓመት እቅድ ሲያወጣ የሚታየው ይኸው መዝገብ ነው። ውኃ ለመቅዳት ሦስት ሰዓት የሚሄደው ጉልበት በመዝገቡ ባዶ ከሆነ፣ መንደሩ አጠገብ ጉድጓድ መቆፈር የሚያተርፈውም ጉልበት ባዶ ነው። ቡና ለውጭ ገበያ የሚያወጣው መንገድ ግን ትርፉ በቁጥር ይታያል። ስለዚህ መንገዱ ይቀድማል። መንገድ ክፉ ነው አላልኩም፤ እኔም ከገጠር የወጣሁት በዚያው መንገድ ነው። የሚቀድመውን ማን እንደሚመርጥ ግን ከዚህ ታዩታላችሁ።

ኤስተር ቦዝሩፕ የምትባል የዴንማርክ ሴት በ1970 ስለዚህ ጉዳይ መጽሐፍ አወጣች። በብዙ የአፍሪካ አገር እርሻውን የምትሠራው ሴት ሆና ሳለ፣ ቅኝ ገዢዎቹም በኋላ የመጡት የልማት ባለሙያዎችም አዲሱን ዘር፣ አዲሱን መሣሪያ፣ ትምህርቱንም ለወንዱ ሰጡት፤ ሴቲቱ በዶማዋ ቀረች፤ ልማት መጣ በተባለበት ቦታ የሴቲቱ ቦታ ዝቅ አለ ብላ አሳየች። ያ መጽሐፍ ብዙ ክርክር አስነሣ። በ1975 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የመጀመሪያውን የሴቶች ጉባኤ ሜክሲኮ ከተማ ላይ ጠራ።

አሁን ወደምወደው ቦታ ደረስን። ወደዚያ ጉባኤ ከመጡት አንዷ ዶሚቲላ ባሪዮስ ዴ ቹንጋራ ነበረች። አገሯ ቦሊቪያ ነው፤ በደቡብ አሜሪካ ተራራ ላይ ያለ ድሃ አገር። የቆርቆሮ ማዕድን ቆፋሪ ሚስትና የሰባት ልጆች እናት ናት። እናቷ ገና በልጅነቷ ሞታባት ታናናሽ እህቶቿን ያሳደገች ናት፤ ይህን ስሰማ በመካከላችን ያሉ ስንቶቹ ትዝ አሉኝ። ባሏ ከማዕድኑ የሚያገኘው ደመወዝ ስለማይበቃ፣ ዘወትር ሌሊት አሥር ሰዓት እየተነሣች ሳልቴኛ የሚባል፣ ሳምቡሳ የሚመስል ሥጋ የተሞላ ነገር መቶ ያህል ትሠራለች፤ ልጆቿ ይዘው መንገድ ላይ ይሸጡታል። ከዚያ ወረፋ፣ ከዚያ እጥበት፣ ከዚያ ምሳ።

የዚያ ማዕድን ሠፈር ሚስቶች በ1961 የቤት እመቤቶች ኮሚቴ ብለው ተደራጅተው ነበር። ባሎቻቸው ስለታሰሩ ነው የጀመሩት። ወንዶቹ መጀመሪያ ሳቁባቸው። ዶሚቲላ ኮሚቴው ውስጥ ከገባች በኋላ አንድ ቀን አንድ ሐሳብ መጣላት። ሰንጠረዥ እናውጣ አለች። አጣቢ ለአንድ ደርዘን ልብስ ስንት ትከፍያለሽ? እኛ በወር ስንት ደርዘን እናጥባለን? ምግብ አብሳይ በወር ስንት ነው የምትቀጠረው? ሞግዚትስ? ቤት ጠራጊስ? እያንዳንዱን ጽፈው ደመሩት። ሲደመር እነሱ ቤት ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ባሎቻቸው ከመሬት በታች ሳምባቸውን እያጡ ከሚያገኙት ደመወዝ በልጦ ተገኘ።

ልብ አላችሁ? ምሁራኑ «ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ መገመት አይቻልም» ያሉትን፣ የማዕድን ሠፈር ሴቶች በእርሳስ ገመቱት። ዋጋውንም ከየት አገኙት? ከቤት ሠራተኛ ደመወዝ! እንደ እኛ ያለች ሴት የሚከፈላት ነው መለኪያቸው የሆነው። ዶሚቲላ ከዚህ የተረዳችው በባሏ ላይ መቆጣት አልነበረም። የማዕድኑ ባለቤት የአንድ ሰው ደመወዝ እየከፈለ የሁለት ሰው ጉልበት እንደሚወስድ ነው፤ ወንዱ ነገ ተመልሶ ጉድጓድ እንዲገባ የምታበላው፣ የምታጥብለት ሴት በነፃ ትሠራለችና።

ሜክሲኮ ስትደርስ እንደ እሷ ያሉ ሴቶች የሚገናኙበት መስሏት ነበር። ያገኘቻቸው ግን በብዛት የተማሩና የደላቸው ናቸው። «እኛ ሴቶች ሁሉ አንድ ነን» ሲሉ፣ እሷ ተነሥታ የእናንተ ኑሮና የእኔ ኑሮ አንድ አይደለም፣ እንግዲያው እንዴት ስለ እኔ ትናገራላችሁ ብላ ሞገተች። በዚያ መድረክ ላይ የተማረ ሰው ፈርታ ዝም አላለችም። ኋላ በ1977 መጨረሻ ከማዕድን ሠፈር የመጡ አራት ሴቶች ከነልጆቻቸው ላፓዝ ከተማ ጳጳሱ ግቢ ውስጥ የረኃብ አድማ ተቀመጡ፤ የታሰሩትና የተሰደዱት ይመለሱ ብለው። ዶሚቲላም ተቀላቀለቻቸው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አብሮ ጾመ። ወታደሩ ገዥ ሁጎ ባንሴር ምሕረት ለማወጅ ተገደደ። እሷ ያረፈችው በ2012 ነው።

በዚያው በ1975 ኦክቶበር 24 ቀን በአይስላንድ ከመቶ ዘጠና ያህሉ ሴቶች ለአንድ ቀን ሥራ አቆሙ፤ የቢሮውንም የቤቱንም። አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ቢሮ ገቡ። ይህን ስነግራችሁ ነገ ማንም መጥረጊያ ጥላ እንድትቀመጥ አይደለም። ኢቃማችን በማን እጅ እንዳለ አውቃለሁ። ያ አገር ሌላ፣ የእኛ ነገር ሌላ።

እንግዲህ የእኛን ነገር ላንሣ። በ1988 ማሪሊን ዋሪንግ የምትባል፣ በኒውዚላንድ የፓርላማ አባል የነበረች ሴት በዚያ የሒሳብ መጽሐፍ ላይ ሌላ መጽሐፍ ጽፋ ገመናውን አወጣችው። በ1993 ደንቡ ሲሻሻል ውኃ መቅዳትና እንጨት መልቀም ይቆጠር ተባለ። ለራስ ቤተሰብ ማብሰል፣ ማጽዳት፣ ልጅ ማሳደግ ግን አሁንም ውጭ ቀረ። ደመወዝ የሚከፈላት የቤት ሠራተኛ የምትሠራው ደግሞ ከመጀመሪያውም ውስጥ ነበር። ስለዚህ ማዳም ያጠበችው ሳህን አይቆጠርም፤ እኔ ያጠብኩት ይቆጠራል። እኛ በየቀኑ በዚህ አገር ሀብት መዝገብ ውስጥ እንጻፋለን ማለት ነው።

ስንት ተብለን? በደመወዛችን ልክ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚመረው። በዚህ ከተማ የአንዲት ሠራተኛ ደመወዝ በሙያዋ ሳይሆን በፓስፖርቷ እንደሚወሰን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የፊሊፒን ልጅ ከእኛ ይበልጥ ታገኛለች፤ ከእኛ የሚያንሱም አሉ። ስለዚህ አንዱ ወለል በፊሊፒን እጅ ሲወለወል በመዝገቡ ላይ ብዙ ምርት፣ በሐበሻ እጅ ሲወለወል ጥቂት ምርት ነው። ወለሉ አንድ ነው፣ ውኃውም አንድ ነው።

ሌላም አለ። ማዳም ሥራ ስትገባ፣ በልማት ሪፖርት ላይ «የሴቶች ተሳትፎ አደገ» ተብሎ ይጻፋል። መልካም ነው፤ ተምራለች፣ ትሥራ። ግን መጥረጊያው ወደ ምስተር እጅ አልሄደም፤ ከሴት እጅ ወደ ሴት እጅ ተላለፈ። የእኔንስ ልጅ ማን ያሳድጋል? እናቴ፣ ወይም ታናሽ እህቴ ትምህርቷን ትታ። እሷ ደግሞ ደመወዝ ስለሌላት አትቆጠርም። እኔ የምልከው ሐዋላ በባንክ በኩል ካለፈ በአገራችን ሒሳብ ይታያል፣ ሚኒስትሮችም ያመሰግኑናል። ልጁን ያጠበችው አክስት ግን የትም የለችም።

በመዝገብ ካለን በሕግስ አለን? የዚህ የሊባኖስ የሥራ ሕግ የወጣው በ1946 ነው። ሰባተኛው አንቀጽ ሕጉ የማይመለከታቸውን ሲዘረዝር በግለሰብ ቤት የሚሠሩ ሠራተኞችን ያነሣል። የፋብሪካ ሠራተኛ የሥራ ሰዓት ገደብ አለው፣ የዓመት ፈቃድ አለው። ያንኑ ኮንትራት የሚመስል ወረቀት የፈረመችው እህታችን በስፖንሰሯ እጅ ናት። እዚህ ብቻ ነው ብለን ግን አንኩራ። የእኛም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ይህን በራሳችን አቆጣጠር ነው የጠራሁት፣ የቤት ሠራተኛን የሥራ ሁኔታ የተወው ለአሠሪው ኅሊና ነው። ሕግ አውጪው ለጎተራው ቁልፍ አበጀና ለሠራተኛይቱ ኅሊና አበጀላት። አዲስ አበባ ሠራተኛ ቀጥረን የነበርን፣ ወይም ነገ የምንቀጥር፣ ይህን ብናስበው አይጎዳንም።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የቤት ሠራተኞች ነገር መፍትሔ ይፈልጋል ብሎ ውሳኔ ያሳለፈው በ1948 ነበር። በ1965 እንደገና ተናገረ። ከዚያ ዝም። ደንብ የወጣው በ2011 ነው። ስድሳ ሦስት ዓመት! በዚህ መካከል ነገሩን ያንቀሳቀሱት የቤት ሠራተኞች ራሳቸው ናቸው። አንዷ ሚርትል ዊትቦይ ናት፤ ደቡብ አፍሪካዊት። በአፓርታይድ ጊዜ ኬፕታውን ሰው ቤት ስትሠራ፣ ጋዜጣ ላይ የቤት ሠራተኞችን የሚያዋርድ ደብዳቤ አንብባ ተናደደች። ለምንድን ነው እንዲህ የሚጻፍብን ብላ መልስ ጽፋ ላከች። ጋዜጠኛው ደብዳቤውን የጻፈችውን ፈልጎ አሠሪዎቿ ቤት ድረስ መጣ። በእሱ እርዳታ ስብሰባ ተጠራ፤ 350 ሠራተኞች መጡ። ከዚያ ማኅበር፣ ከማኅበር የአገር ማኅበር፣ ከዚያም የዓለም የቤት ሠራተኞች መረብ ሊቀመንበር ሆነች። በ2023 አረፈች።

በ2010ና በ2011 ጄኔቫ ላይ ደንቡ ሲረቀቅ፣ እሷና ጓደኞቿ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። የመንግሥታትና የአሠሪዎች ተወካዮች ስለ ቤት ሥራ ሲከራከሩ፣ ሥራውን የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። የቃና ዘገሊላን ሰርግ አስታወሰኝ። ሊባኖሶች ያቺ ቃና እዚሁ በደቡብ ያለችው ናት ይላሉ። የድግሱ አሳዳሪ የወይን ጠጁን ቀመሰ እንጂ ከየት እንደመጣ አላወቀም፤ ጋኖቹን በውኃ የሞሉት አገልጋዮች ያውቁ ነበር።

ጁን 16 ቀን 2011 ድምፅ ተሰጠ። 396 ደገፉ፣ 16 ተቃወሙ፣ 63 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ስምምነት ቁጥር 189 ይባላል፤ ቁጥሩን ያዙት። የቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት የማይቋረጥ ዕረፍት አላት ይላል። በዕረፍት ቀኗ ቤት ውስጥ እንድትቆይ አትገደድም። ፓስፖርቷንና ሰነዶቿን ራሷ ትይዛለች። አሠሪ ቤት ማደርም ሆነ አለማደር በስምምነት ነው። ሠራተኞቹ ከሰገነቱ ላይ ትልቅ ጨርቅ አወረዱ፤ የቀረው የቤት ሥራ የመንግሥታት ነው፣ አጽድቁና ሥሩበት የሚል። መጀመሪያ ያጸደቀችው ኡራጓይ ናት፤ ቀጥላ ፊሊፒንስ። ከዚያ በተከተሉት አሥር ዓመታት ኢትዮጵያም ሊባኖስም ካጸደቁት ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም። ዜጎቿን በብዛት የምትልከው ፊሊፒንስ ሁለተኛ ሆና ስትፈርም የእኛ አገር አለመፈረሟ፣ እኔ በግሌ ሳስበው ይቆጨኛል።

ወረቀት ብቻውን ምን ያደርጋል ለምትሉ፣ በደቡብ አፍሪካ የሆነውን ልንገራችሁ። ማሪያ ማህላንጉ ፕሪቶሪያ ውስጥ አንድ ቤት 22 ዓመት የሠራች ሴት ነበረች። ዓይኗ ደክሞ ነበር። በ2012 በሥራ ላይ ሳለች አሠሪዎቿ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ወድቃ ሞተች። በሥራ ላይ ለተጎዳ ካሳ የሚሰጠው የአገሪቱ ሕግ የቤት ሠራተኛን አያውቅም ነበር። ልጇ ሲልቪያ ከሠራተኞች ማኅበሩ ጋር ሆና እስከ ሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟገተች። በኖቬምበር 2020 ፍርድ ቤቱ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ማስወጣት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ፤ ወደ ኋላም እስከ 1994 እንዲሠራ አደረገው። ስምንት ዓመት ፈጀ። ያ ፍርድ እናቷን አልመለሰላትም። ሆኖም ከእሷ በፊት ለሞቱትም ሰዎች ልጆች በር ከፈተ።

እዚህ ቤይሩትም ተሞክሯል። በጃንዋሪ 2015 ከብዙ አገር የመጡ የቤት ሠራተኞች ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ። የሥራ ሚኒስቴሩ ሕገ ወጥ ነው አለ። በ2016 መጨረሻ ከመሪዎቹ አንዷ፣ የኔፓል ልጅ፣ ተይዛ ከአገር ተባረረች። ስለዚህ «ተነሡ» ብዬ በቀላሉ የምናገር ሰው አይደለሁም። ዋጋው ከባድ ነው፤ የሚከፍለውም ተናጋሪው ብቻ አይደለም፣ አገር ቤት ሐዋላ የሚጠብቁትም ናቸው።

የዶሚቲላን ሰንጠረዥ ግን ማንም አይከለክለንም። ለሚቀጥለው እሑድ እያንዳንዳችን አንድ ወረቀት ይዘን እንምጣ። ሰፈራችሁ ያለው ላውንድሪ ለአንድ ሸሚዝ ለማጠብና ለመተኮስ ስንት እንደሚያስከፍል ጠይቁ። ሕፃናት ማቆያው በወር ስንት እንደሆነ፣ አሮጊት ለማስታመም ነርስ ለአንድ ሌሊት ስንት እንደምትጠይቅ፣ ለድግስ የምትጠራ አብሳይ ለአንድ ቀን ስንት እንደምትቀበል ያወቃችሁትን ጻፉ። በሌላው በኩል እናንተ በአንድ ሳምንት ስንት ሸሚዝ፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ሌሊት። ፍሪላንስ የምትሠሩ ዋጋውን ይበልጥ ስለምታውቁ፣ ቤት የሚያድሩትን እርዷቸው። መጻፍ ያላስለመደቻት ካለች በቃሏ ትንገረን፣ እኛ እንጽፍላታለን። ወረቀቱን ማዳም ቤት አታስቀምጡት፤ አድራሻም የአሠሪም ስም አትጻፉበት። እዚህ የመዘምራን ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ መሳቢያ ባዶ ነው፣ ቁልፉም አለ፤ ከዓመት ዓመት እያየን እንደምርበታለን። እስክሪብቶ ከእኔ።